ምን ምን ይላል?

ሁላችንም ገፋፊው ነው የምንለው። እናቱ ያወጣችለት ስም መኖሩ አይቀርም፤ እኛ ግቢ ውስጥ ግን ስም የሚያወጣው ሥራ ነው። የታረደ በሬ ቆዳው እንደሚገፈፍ ሁሉ እሱም የብረት ቆዳ ይገፍፋል። የአልጋ መከለያ፣ የወንበር እግር፣ የሞተር ሳይክል መሪ፣ የመኪና ፓራውልት፣ ብቻ ድሮ ፊትህን የምታይበት የነበረና አሁን ተላልጦ የሚያስጠላ ክሮም ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ክሮም ቀለም አይቀበልም። እላዩ ላይ ቀብተህ ብትሸኘው ባለንብረቱ ቤቱ ሳይደርስ መላጥ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ገፋፊው አሲድ ውስጥ ነክሮ ክሮሙን ያወርደዋል፤ ቀጥሎ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ቀቢ ቀለም ይረጭበታል። ምስጋናው ለቀቢው ነው። ደንበኛ የሚያየው ላዩን ነዋ።

እኔ ፈታጊዋ ነኝ። ምላሴም እንደ ወረቀቴ ሻካራ ነው ይላሉ፤ አልዋሹም።

አሲድ ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጧ የአሲድ በርሜሎች አሉ፣ ማጠቢያ ውኃ አለ፣ አሲዱን የሚያበርድ ሶዳ የተበጠበጠበት ሌላ በርሜልም አለ። ገፋፊው ዕቃውን በሽቦ አንጠልጥሎ ወደ አሲዱ ሲያወርደው ወዲያው መንጨርጨር ይጀምራል። ያኔ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ክሮሙ እስካለ ድረስ አረፋው ይጮኻል፤ ክሮሙ ሲያልቅ ድምፁ ይከስማል። በዚያች ሰዓት ፈጥነህ ካላወጣኸው አሲዱ ፊቱን ወደ ብረቱ ያዞራል። እሱ አሳልፎ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። እኔ እጅ ሲገባ ዕቃው አመድማ መልክ ይዞ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው። ሌላ ሰው የገፈፈውን ስፈትግ ክንዴ ይገነጠላል፤ የሱን ግን ሐሜት እያወራሁ እጨርሰዋለሁ።

ከሱ በፊት አሲድ ቤቱ ሰው አይበረክትለትም ነበር። አንዱ ይገባል፤ ሳምንት ሳይሞላው ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ፣ "ልሠራ ነው እንጂ ልታጠን አልመጣሁም" ብሎ ይወጣል። ገፋፊው ሲመጣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ ነበር። አለቃችን፣ ግቢውን ከአባቱ የወረሰው ማለቴ ነው፣ "ሽታውን ትችለዋለህ?" ብሎ ጠየቀው። "እችላለሁ ጌታዬ" አለ። ያቺ "እችላለሁ" ናት ዕድሜውን የበላችው። ደግ ሰው ነው ይሉታል። ደግነት አይደለም፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ አለቃ የሆነ።

ሚስቱ የቀቢው ልጅ ናት። ለአባቷ ምሳ ስታመላልስ ነው የተያዩት። እሷ ዓይን የምትስብ፣ አፍ ያላት፣ ፈልጋ የምታጣው የሌላት ልጅ ነበረች፤ ለምን እሱን እንደወደደችው ዛሬም ግቢው አልገባውም። አባቷ ሲሰማ፣ "ከዚህ ሁሉ ወንድ መርጠሽ መርጠሽ ከበርሜል ሥር አነሣሽው?" አላት። "ከበርሜል ሥር ያለው ሰው ነው እኮ አባባ" አለችው። ተጋቡ። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቹን በሰው ስም ጠርቶት አያውቅም፤ "አንተ አሲድ" ነው የሚለው።

ስለ ሽማግሌው እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሙያው ሙያ ነው። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ያለውን ጢም አስተካክሎ፣ ቀለም ቤቱ ውስጥ እንደ ሹም ይንጎራደዳል። "ቀቢ የሚበላው በአፍንጫው ነው" ይላል። ነጋዴዎቹ ቀለም ማቅጠኛውን ቲነር በቤንዚን ወይም በላምባ ያበዙታል፤ በዚያ የተቀጠነ ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሽማግሌው ክዳኑን ከፍቶ አንዴ ይስባል፣ "ይሄ ላምባ ገብቶበታል፤ መልሱት" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ስለዚህም ግቢያችን ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ወደ ቀለም ቤት መግባት የፈለገ ሰው ሰው በተሰበሰበበት ዓይኑን ታስሮ ይፈተናል። ቲነር፣ ቤንዚንና ላምባ በየጣሳው ተደርጎ ይቀርብለታል፤ አሽትቶ ከለየ ይገባል፣ ካልለየ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሽማግሌው ራሱም በወጣትነቱ እንደዚሁ ተፈትኖ ነው የገባው።

የገፋፊው አፍንጫ መድማት የጀመረው ካገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይሠራ ነበር። ሲብስበት ሚስቱ እየገፋች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ በባትሪ አይቶ፣ ሁለቱን ቀዳዳ የሚለየው ሥጋ ተበስቷል አለው። በአንዱ በኩል ያበራው መብራት በሌላው በኩል ይታያል። "ይህን ሥራ ካልተውክ ቀጥሎ ሳንባህ ነው" ብሎ ቁርጡን ነገረው። መጥቶ ይህን ሲያወራልኝ እንደ ቀልድ ነበር ያወራው። "እትዬ፣ እንደ ዋሽንት ልነፋ ነው መሰለኝ" አለኝ።

ሽታ የሚባል ነገር እንደጠፋበት ግን ለሐኪሙም አልተናገረም። እኔ ያወቅኩት በልጁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ናት። አንድ ቀን ሚስቱ አዝላት መጥታ ሳለ ሕፃኗን ተቀብሎ አፍንጫውን አንገቷ ሥር ቀብሮ ቆየ። ቆየ፣ ቆየና ወደኔ ይዟት መጣ።

"እትዬ፣ እስኪ አሽትቻት። ምን ምን ትላለች?"

"ወተት ወተት ነዋ። ሕፃን ሌላ ምን ምን ሊል ነው?"

"ሌላስ?"

"ትንሽ ሳሙና። ደግሞም አርጥባልሃለች፤ እናቷን ጥራ።"

አልሳቀም። "ወተት ወተት" ብሎ ለራሱ ደገመው፤ ነገ ትምህርት ቤት የሚጠየቅ ልጅ እንደሚያጠናው። ያኔ ገባኝ። አንጀቴን በላው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። ቀስ እያለ ነው የሄደው። ከአሲድ ቤት ብወጣ ይመለሳል ይላሉ።"

ማን እንዳለው አልጠየቅኩትም። ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የምታስነሣው ያቺ ላም ነበረች፤ ቀለም ቤት መግባት፣ ሳንባን ማትረፍ፣ አንድ ቀን ደግሞ የልጁን አንገት አሽትቶ ሰው ሳይጠይቅ ማወቅ። ከዚህ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሱ አፍንጫም ለሱ ባዳ ሆኖ ለሰው ወሬ ሊያቀብል ነው። በሙቀቱ ወራት አንዲት አይጥ አሲድ ቤቱ ውስጥ፣ በርሜሎቹ በቆሙበት ሳንቃ ሥር ገብታ ሞተች። ሽታዋ ግቢውን ሞላው። የግቢው በያጆች አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ዋሉ፤ ዘበኛው ወንበሩን ተሸክሞ ከበር ውጭ ወጣ። ገፋፊው ደግሞ ምሳውን ይዞ እዚያው ሳንቃው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "እዚያ ጅብ እንኳ አይበላም" አሉ በያጆቹ። እሱም ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቀም። እጁን ጋውኑ ኪስ ከትቶ ቀረብ አለ።

"አንተ አሲድ፣ ምሳው እንዴት ነው?"

"ይጣፍጣል ጋሼ። ልጅዎ እኮ ናት የሠራችው።"

"ይጣፍጣል?"

"በጣም።"

ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ወደ ቀለም ቤቱ ተመለሰ። የያዘውንም ነገር ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ ከረመ።

ከዚያ የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚረጨው ቀለም አንዱ ጋ ይሳሳል፣ አንዱ ጋ ይወፍርና እንባ ሆኖ ይወርዳል። እኔ ዳግመኛ ፈትጌ እመልስለታለሁ፤ ዳግመኛ ያበላሻል። በመጨረሻ ራሱ፣ "በቃኝ፤ ሰው ፈልጉ" አለ። ገፋፊው ይህን ሲሰማ እጁን ታጥቦ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ አለቃችን ዘንድ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነ። አለቃችንም ሰው ፊት እምቢ ማለት ደስ ስለማይለው፣ "ፈተናውን እለፍ፣ ግባ" አለው። ገፋፊው በደስታ የሚራመድበት መሬት ጠፋው።

አለቃችንና ሽማግሌው እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው የተነጋገሩት በማግስቱ ነው። ሰዎች እኔ ፊት ሲናገሩ ጠረጴዛዬ ላይ ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ፊት እንደሚናገሩ ያህል ነው የሚቆጥሩት።

"ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ከወጣ አሲድ ቤቱን ማን ይገባልኛል?"

"ማንም አይገባም።"

"እኮ።"

"እሱም አይወጣም። አፍንጫ የለውም።"

አለቃችን አልገባውም።

"አይጧን ረሳሃት?" አለው ሽማግሌው።

አለቃችን ትንሽ አስቦ ሳቀ። "ታዲያ ንገረውና ይተወዋ" አለ።

"አልነግረውም። ሰው ባለበት ይታይ። ልጄም መጥታ ትይ፤ ምን እንዳገባች ትወቅ።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "አፍንጫ የሌለው ሰው ቀለም ቤት ቢገባ አንድ ቀን ግቢህን አንድዶ አመድ ያደርግልሃል" አለ።

ይህ የመጨረሻው ቃሉ እውነት ነው፤ አልክድም። እውነት ክፉ ሰው አፍ ውስጥ ስትገባ እውነትነቷ አይቀርም፤ መልኳ ብቻ ይከፋል።

የሰማሁትን ለባልም ለሚስትም ነገርኳቸው። "ተወው፤ ሌላ ግቢ ሌላ ሥራ ፈልግ" አልኩት። "ሌላ ግቢ ማን ያውቀኛል እትዬ? የምችለው ይህን ነው" አለ። ሚስቱ ግን አልተነጫነጨችም። እጅጌዋን ሰብስባ፣ "ሽታ ከሌለህ ቆዳ አለህ" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆነ። ዓይኑን ታስረዋለች፣ ሦስት ስኒ ፊቱ ታስቀምጣለች። የጣቱ ጫፍ በአሲድ ደድሮ ምንም ስለማይሰማው አውራ ጣቱን ነክሮ የእጁን አንጓ ውስጡን እንዲነካበት አስተማረችው። ቲነር እንደ በረዶ ይቀዘቅዝና ወዲያው ይጠፋል። ቤንዚንም ይቀዘቅዛል፣ ግን ዘግየት ይልና ቆዳውን አድርቆ ይሄዳል። ላምባ አይቀዘቅዝም፤ ይሙለጨለጫል። እንደ አሸታች ሰው ስኒውን ወደ አፍንጫው ማስጠጋቱን፣ ፊቱን ማጨማደዱን፣ "እህ" ማለቱን ሳይቀር አለማመደችው። ትያትር ነው። ጎበዝም ወጣው፤ እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ስፈትነው አንዱንም አልሳተም።

አንድ ነገር ጨመረችለት፤ አባቷን ታውቀዋለቻ። "አባባ ተንኮለኛ ነው፤ ሌላ ጣሳ ጨምሮ ውኃ ሊያመጣብህ ይችላል። ካልቀዘቀዘህ፣ ካልተሙለጨለጨም፣ ሳትፈራ ውኃ ነው በል" አለችው። እሱም ይህን እንደ ጸሎት ይዞት ዋለ።

የፈተናው ቀን ከምሳ በኋላ ግቢው መሐል ወንበር ወጣ። በያጆቹ መጡ፣ ዘበኛው መጣ፣ አለቃችን እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ሽማግሌው ልጁን አስጠርቷት ነበር፤ ሕፃኗን አዝላ ከቀለም ቤቱ በር ላይ ቆመች። ገፋፊው የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ሽማግሌው በንጹሕ መሐረብ ዓይኑን አሰረው፣ ቋጠሮውንም ጠበቅ አደረገው።

የመጀመሪያውን ጣሳ ሰጡት። ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ አውራ ጣቱ ጣሳው ውስጥ ገባ ብላ ወጣች። "ቲነር ነው" አለ። ሁለተኛውን ተቀበለ። "ላምባ።" ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየ። ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች። "ቤንዚን ነው" አለ፤ "ንጹሕ ቤንዚን።" በያጆቹ አጨበጨቡ። እሷ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ፍተጋ ያደረቀው እጄ እስኪሞቅ አጨበጨብኩ። አለቃችን ግን እግሩን አውርዶ ሽማግሌውን ገልመጥ አደረገው።

"አንድ ጣሳ ይቀራል" አለ ሽማግሌው።

ባዶ ጣሳ ይዞ ሄደ፤ ሞልቶ ተመለሰ። ከየት እንደወጣ ሁላችንም አይተናል። ከአሲድ ቤቱ ነው የወጣው። አሲዱ እንዳይጨስ ውኃ አብዝቶበታል፤ ሽታው ግን ከእኔ ዘንድ ደረሰ፣ ያ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው ሽታ። አጠገቤ የነበረው በያጅ አፍንጫውን ያዘ። በሩ ላይ የቆመችው ሚስት ፊቷ ተለወጠ፤ አፏን ልትከፍት ስትል አለቃችን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደሷ ዞረ። የባሏን እንጀራ የሚቆርሰው እሱ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ገፋፊው ጣሳውን ተቀበለ። ወጣትነቱን በሙሉ ጎንበስ ብሎ የኖረበትን ነገር ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ በረጅሙ ሳበው። አውራ ጣቱን ነክሮ አንጓውን ነካ። ጠበቀ። አልቀዘቀዘም፤ አልተሙለጨለጨም። ከመሐረቡ በታች ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ ያዩ ዓይኖች ሁሉ፣ የኔም ጭምር፣ ባላዩት ይሻል ነበር።

"ይሄማ ውኃ ነው" አለ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም።

"እርግጠኛ ነህ?" አለው ሽማግሌው።

"እርግጠኛ ነኝ ጋሼ።"

"ምን ምን ይላል?"

"ምንም አይል። ንጹሕ ውኃ ነው።"

"እንግዲያስ ጉሮሮህን አርጥብበት፤ ደክሞሃል።"

እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነው ብያለሁ። "እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" አለና ጣሳውን ወደ አፉ አነሣው። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሰም። አለቃችንም አልተንቀሳቀሰም። ሳይደርስ ላስቆመው ነበር ይላል ሽማግሌው እስከ ዛሬ ድረስ። አፍንጫውን ይላስ። እኔ ከወንበሬ ስነሣ ሚስቱ ሕፃኗን እንዳዘለች ደርሳ ጣሳውን በክንዷ መታችው።

አሲዱ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰና መንጨርጨር ጀመረ። ገፋፊው ዓይኑ እንደታሰረ፣ እጁ ባዶ ሆኖ፣ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ያን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መሐረቡን ለመፍታት አልሞከረም። እዚያው ቆሞ አረፋው እስኪከስም ድረስ አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ ነው ትከሻው የወደቀው።

ሳቁ የመጣው ያኔ ነው። ማን እንደሳቀ አትጠይቁኝ፤ ማን እንዳልሳቀ ጠይቁኝ፣ እሱ ይቀላል። "አሲድ አሲድን ሳያውቀው ቀረ" አለ አንዱ። "ዘመዱን ሊጠጣው ነበር" አለ ሌላው። አለቃችን እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ ወንበሩን ይዞ ተነሣ። "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥህ። እንዲህ ያለ ሰው ለአሲድ ቤት ከየት ይገኛል? እኔ ልለቀው ነበር እኮ" አለ።

ሚስቱ መሐረቡን ፈታችለት። ክንዷ ላይ የተረጨውን እኔ በሶዳ ውኃ አጠብኩላት፤ ቆዳዋ ቀላ እንጂ አልቆሰለም፣ እጅጌዋ ግን ኋላ ወንፊት ሆነ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። እሱ አላለቀሰም፤ የምታለቅሰው እሷ ነበረች። ወደ አባቷ ዞራ፣ "አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳህን ሌላ ሰው ያምጣልህ" አለችው። ሽማግሌው ጋውኑን አራግፎ፣ "ሕይወታችሁን ነው ያተረፍኩት፤ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ" አለ። እንደዚያ ብሎ ማመኑ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ መሆኑን ቢያውቀው እንኳ ግማሹን ይቅር እለው ነበር።

ገፋፊው የታጠበ ሸሚዙን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ የጎማ ጓንቱን አጠለቀ፣ ከሰዓት በኋላውን የሆስፒታል አልጋ እግር ሲገፍፍ ዋለ። የላከልኝን ስፈትግ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር። ተበላሽቶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሌላ ቦታ አዲስ ቀቢ ተቀጠረ፤ ትሑት ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። የቀለም ቤቱ አየር አፍኖኛል ብሎ ለአለቃችን አቤት አለ። አሲድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጭሱን ወደ ውጭ የምታወጣ አሮጌ ቬንትሌተር ነበረች። አለቃችን፣ "እሷን ነቅላችሁ እዚህ ግጠሙለት" አለ።

እኔ ወረቀቴን አስቀመጥኩ። "ለገፋፊውስ?" አልኩት።

"ለሱ ምን ታደርግለታለች? አይሸተውም እኮ።"

"ሽታውን ማን አለህ? ሳንባው ነው። ሐኪም የነገረውን..."

"አንቺ ፍተጊ" አለኝ። "አፍንጫ ለሌለው ሰው ንፋስ ልግዛ?"

ከዚያ በላይ ምን እንዳልኩት እዚህ መጻፍ አይቻልም፤ አልጠቀመም። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ሊፈታቸው የቻለ ሰው ጠፋ፤ ገፋፊውን ጠሩት። ጠብታ አሲድ አድርጎ ዝገቱን አለሰለሰ፣ አንድ በአንድ ፈታቸው። ክንፎቹን በሶዳ አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ተሸክሞ ቀለም ቤት አመጣና አዲሱ ቀቢ ግድግዳው ላይ እስኪያስር ድረስ ከሥር ደግፎ ያዘለት። አዲሱ ቀቢ አፍሮ፣ "ላንተስ ወንድሜ?" አለው። "ለኔ ግድ የለም" አለ ገፋፊው።

በማግስቱ ክፍሏ ስለታፈነች በሩን ከፍቶ መሥራት ጀመረ። ጭሱ በግቢው አቋርጦ በቀጥታ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ፤ አሳለኝ። በመሐረብ አፌን ያዝኩና ቀና ሳልል መፈተጌን ቀጠልኩ፤ እንዲያይብኝ አልፈለግኩም። እሱ ግን አይቷል። ጉጠቱን አስቀምጦ በሩ ላይ ወጣ፤ አንዱ አፍንጫው ሥር ደም ደርቋል።

"እትዬ፣ ለካ ወዳንቺ ነው የሚመጣው" አለኝ። "እኔ አይታወቀኝም፤ ይቅርታ።"

"ተወው፣ ክፍት ይሁን" አልኩት።

"አይ፣ አንቺ ትታመሚያለሽ" አለና ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው።